የመጨረሻው ትራክ እኩሌታ

ባልና ሚስት ሲፋቱ መጀመሪያ ዕቃ ይካፈላሉ፣ ቀጥሎ ዘመድ፣ ቀጥሎ ወዳጅ፤ የሚካፈሉት ሲያጡ ደግሞ ጥፋት ይካፈላሉ። እነዚህኞቹ ሁሉንም በጨዋ ደንብ ጨርሰው ዘፈን ላይ ሲደርሱ ተጣሉ።

ጨዋነታቸው ለጉድ ነበር። ማቀዝቀዣው ለእሷ፣ መኪናው ለእሱ። ቤቱን የያዙት በእሷ መሥሪያ ቤት በኩል ስለሆነ እሷ እዚያው ልትቀር፣ ክፍፍሉ ሲያልቅ እሱ ሊወጣ ተስማሙ። አልጋውን ሁለቱም «ይቅርብኝ» ስላሉ የሕንፃው ዘበኛ ወስዶ ተኛበት፤ ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ወገቡን ያመዋል ይባላል።

ሚስት ፋርማሲስት ናት። ስም ያልተለጠፈበት ነገር አትወድም፤ ወጥ ቤቷ ውስጥ ጨው ላይ «ጨው»፣ ስኳር ላይ «ስኳር» ተብሎ ተጽፏል፣ ዓይን ያለው ሁሉ እንደሚለየው እያወቀች። ባል የኢንሹራንስ ገማች ነው። ሥራው የተጋጨ መኪና ዙሪያውን፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ መዞርና «ይሄ ይጠገናል፣ ይሄ አይጠገንም» ማለት ነው። ስለ ትዳራቸውም አንድ ቀን ራት ላይ በዚያው በሥራ ድምፁ «ይሄ አይጠገንም» አላት። እሷም «የመጠቀሚያ ጊዜውማ ካለፈ ቆየ» ብላ ሳህኖቹን አነሳች። በቃ፣ ይኸው ነው። አልተጯጯኹም፣ ሳህን አልሰበሩም፤ ቢሰብሩ ኖሮ ምናልባት ይታረቁ ነበር።

የነገሩ ሥር ግን አንድ ቃል ነበር። የባልየው እናት ታመው እዚህ ቤት ሲከርሙ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው ምራታቸው ናት። ልጃቸው እናቱ የሞቱ ዕለት እንኳ ሩቅ አገር የተገለበጠ አውቶቡስ ሊገምት ሄዶ ነበር። ሲመለስ ለለቅሶ እንደመጣ እንግዳ ዝም ብሎ ተቀመጠ። እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠበቀችው «ይቅርታ» የምትባለዋን ቃል ነው። ጠብቃ፣ ጠብቃ፣ ደከማት።

እንግዲህ የቀረው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ የእሷ መሆኑ አላከራከረም። ያከራከረው ሆዱ ውስጥ ያለው ነው፤ በትዳር ዘመናቸው የተጠራቀመው የሙዚቃ ላይብረሪ። እያንዳንዱን ዘፈን በዘፋኙ፣ በዓመቱ፣ በዓይነቱ የሚደረድር፣ ፕሌይሊስት የሚሠራ፣ ፕሌይሊስቱንም ሲዲ ላይ የሚቀዳ፣ በእነሱ አነጋገር «በርን» የሚያደርግ፣ ፕሮግራም ነበራት። የባሏ መኪና አሮጌ ስለሆነ ከሲዲ ሌላ አይቀበልም። ስለዚህ ሩቅ መንገድ በሄደ ቁጥር አንድ ሲዲ በርን አድርጋ፣ በማርከር ጽፋበት፣ መሪው አጠገብ ታስቀምጥለት ነበር። «ለዳገት»፣ «ለዝናብ»፣ «እንቅልፍ ሲመጣብህ»። እንዲህ ያለች ሴት እንዴት ትፈታለች ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ሲዲዎቹን ተቀብሎ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ያላለውን ሰውዬ ይጠይቅ።

ዳኛ ሆነው የተጠሩት የባልየው አጎት፣ የሟች እናቱ ወንድም ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ የነሐስ መመዘኛቸውን በእንጨት ሣጥን ተሸክመው ከሥጋ ቤት ወርቅ ቤት እየዞሩ ሚዛን የሚፈትሹ፣ የተስተካከለውን በቀለጠ እርሳስ አሽገው የሚያትሙ፣ የተንጋደደውን የሚወርሱ። ሰው ሁሉ «ጋሼ ሚዛን» ይላቸዋል። ሻይ እንኳ በሁለት ብርጭቆ ሲቀዱ ጎንበስ ብለው በዓይናቸው ልክ ያያሉ። ሁለቱም ወገን በእሳቸው የተስማማው እንደማያዳሉ ስለሚያውቅ ነው። አለማዳላት ብቻውን ፍርድ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥ ገለልተኛ እጅ ስላስፈለገ «ኮፒ» ተጠራ። ኮፒ የሚስትየው ታናሽ ወንድም ነው፤ ገለልተኛነቱ ማንንም ስለማያከብር ነው። ስሙን ያወጡለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ናቸው። ፈተናውንም፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም፣ የፍቅር ደብዳቤውንም ከሌላ ሰው ገልብጦ በማዕረግ ተመረቀ። ደብዳቤው የደረሳት ልጅ ግን ዋናውን ጸሐፊ አገባች። አሁን የተማረበት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ ከሕሊናው ጋር ታርቆ ይኖራል።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ሚዛን ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ሲደርሱ፣ በሩ ሥር የሚስትየው ጫማዎች ተደርድረዋል። ጥቁሩም፣ ቡናማውም፣ የሥራውም፣ የሰንበቱም፣ ሁሉም ተጠርገው ፊት ያሳያሉ። በትልልቅ እግራቸው እንዳያቆሽሿቸው ዘለሏቸው። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ከሰላምታው በፊት ዓይኗ ወደ ጫማዎቹ ወረደ፤ ቆየም። ከዚያ ፊቷ እንደ መስኮት ተዘጋና «ይግቡ ጋሼ» አለች። ጋሼ ሚዛን በልባቸው «ስትፋታም ጽዱ ናት» አሉ።

ኮፒ ገና ሲቀመጥ ነገሩን ባጭሩ ሊጨርሰው ሞከረ። ዘፈን እኮ ላም አይደለም አለ፤ ይገለበጣል፤ ሙሉው ለእሷ ይቀራል፣ ሙሉው ለእሱ በርን ይደረጋል፣ ምሳ ሳይደርስ ወደየቤታችን።

ጋሼ ሚዛን መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለቱም ሙሉ ከያዙማ ምኑን ተካፈሉት?»

ኮፒን ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረው ጥያቄ ነው፤ ቢያስተምረውም ገልብጦ ያልፈው ነበር። ባልየው አጎቱን ደገፈ፦ እሱ የሚሰማውን ዘፈን እሷም እዚህ ቁጭ ብላ የምትሰማ ከሆነ ምኑን ተለያዩት? ሚስትም ለመጀመሪያ ጊዜ ከባሏ ጋር ተስማማች። በዚያ ቤት ውስጥ ከዓመታት ወዲህ የታየው ብቸኛ ስምምነት አንዱ ያለው ሌላው እንዳይኖረው የሚለው ነው። ደንቡ ወጣ፦ እሱ የመረጠው ሲዲ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ከኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ እሷ የመረጠችው ባለበት ይቀራል።

ምርጫው በየተራ ነበር። በቀጥታ መነጋገር ስላቆሙ በጋሼ ሚዛን በኩል ይነጋገራሉ፤ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው። ይንገሩት፣ ይህን ዘፈን ሲጠላው ነው የኖረው። ይንገሯት፣ የጠላሁት ዘፈኑን ሳይሆን እሷ አብራ ስትዘፍነው ነው። ባልየው አንዱን ዘፈን «ይሄ በሕግ የኔ ነው» ሲል፣ ፕሮግራሙ ዘፈኑ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይቆጥር ስለነበር ቁጥሩን ለማስረጃ ጠቀሰ። ሚስት ሳቀች። የተከፈተው እሱ መስክ በወጣ ሰሞን ነው፤ የከፈተችው ብቻዋን ሆና ነው፤ ቁጥሩ የሚመሰክረው እሱ ከቤት ለመጥፋቱ ነው። ጋሼ ሚዛን ዘፈኑን ለእሷ ፈረዱ።

የሰርጋቸው ዘፈን ላይ ሲደርሱ ተራው የእሱ ነበር፤ ዘለለው። እሷም ዘለለችው። ዞሮ መጣ፣ ደግመው ዘለሉት። ኮፒ «ይሄ ወላጅ አጥቷል» ብሎ ማንም ሳያዘው አጠፋው። ማንም አልተቆጣውም።

ከዚያ በዘፈንና በዘፈን መካከል ፕሮግራሙ ሲዲ ላይ ስለሚያስቀምጠው ባዶ ቦታ ተነሳ። ሁለት ሰከንድ ዝምታ። ጋሼ ሚዛን ከሥራ ልማድ ይሄስ በማን ድርሻ ይታሰባል ብለው ጠየቁ።

«ዝምታውን ለእሱ ይስጡት፣» አለች ሚስት። «ባለሙያው እሱ ነው።»

ኮፒ ብቻ ሳቀ። ባልየው ምንም አላለም፤ ባለማለቱም አስመሰከረላት።

ምሳ ተረስቶ፣ ሻይ ቀዝቅዞ፣ ሁሉም ተካፍሎ ሊያልቅ ሲል ኮፒ የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የቀረ አንድ ትራክ አየ። ዘፋኝ በሚለው ቦታ «እማማ» ተብሏል። ርዕሱ «ሽንኩርት ሲልጡ»። የሙዚቃው ዓይነት በሚለው ቦታ ደግሞ ፋርማሲስቷ «ሲያስፈልግ የሚወሰድ» ብላ ሞልታዋለች።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ባልየው። ጋሼ ሚዛንን ማዘዋወሩን ረስቶት በቀጥታ ነው የጠየቃት።

«የኔ ነው።»

«እማማ ማለት እናቴ ናት።»

«እናትህ ናቸው። በስልኬ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሲዘፍኑና ሲያወሩ የነበረውም ለኔ ነው። አንተ መኖሩንም አታውቅም ነበር።»

«ከማኅፀኗ የወጣሁት እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ አንተ ወጥተሃል። ከክፍላቸው ያልወጣሁት ግን እኔ ነኝ።»

ጋሼ ሚዛን በዚህ መሐል ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር። እኅታቸው ናት። ከሞተች ወዲህ ድምፅዋን አልሰሙም። ፎቶግራፏ ቤታቸው አለ፤ ግን ፎቶግራፍ «አንተ ቀጫጫ» ብሎ አይጠራም። እሳቸው ሸምግለው፣ ቦርጭ አውጥተው፣ የልጅ ልጅ አቅፈው እንኳ እሷ «አንተ ቀጫጫ» ነበር የምትላቸው። ከእሷ ሞት በኋላ ያንን ስም የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልቀረም። አሁን ያ ድምፅ ኮፒ ጣት ሥር ተቀምጧል፤ አንድ ጊዜ ጫን ቢያደርገው ክፍሉ ውስጥ ትገባለች።

«ላሰማችሁ?» አለ ኮፒ።

ሦስቱም አይሆንም አሉ። ሚስት ለእሱ ሳይፈረድለት እንዲሰማ አልፈለገችም። ባል በሰው ፊት እንዳያለቅስ ፈራ፤ ሊሰማው እንደጓጓም እንድታውቅበት አልፈለገም። ጋሼ ሚዛን ደግሞ ዳኛ ናቸው። ከሥጋ ቤት ሥጋ፣ ከወርቅ ቤት ወርቅ ሳይቀበሉ የኖሩ ሰው፣ ዳኛ ድርሻ የለውም ብለው በእኅታቸው ድምፅ ፊት ጥርሳቸውን ነከሱ።

ኮፒ እንደ ምንም ብሎ ለመነ። ሌላው ሌላ ነው፣ ይቺን አንዷን ልገልብጣትና ሁለቱም ይያዙ አለ። እያንዳንዳቸው ለራሳቸው ፈቃደኛ ነበሩ። ለሌላው ፈቃደኛ የሆነ ግን አልነበረም። ባል «አልሰጥም» አለ፤ ሚስት «ከምሰጠው ይጥፋ» አለች። ጋሼ ሚዛንም የሚያውቁትን አንድ ፍርድ ፈረዱ።

«እኩል ይቆረጥ።»

ይቻላል ወይ ተባለ፤ ይቻላል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ትራክ ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ በርን ሲያደርግም የተፈቀደለትን ብቻ ነው የሚወስደው። ሰው ይህን የሚጠቀምበት የዘፈን ጭብጨባ ለመቁረጥ ነው። ኮፒ ርዝመቱን ለሁለት አካፈለና እጁን አቆመ።

«ጋሼ፣ መሐሉ ቃል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሰምተን ጥቂት ወዲህ ወዲያ ብናደርገው አይሻልም?»

«ለአንዱ አንዲት ቃል ከጨመርኩ ከሌላው ሰረቅኩ ማለት ነው። ሚዛን የሚመዝነውን አያዳምጥም።»

ባርኔጣቸው ውስጥ ሁለት የተጠቀለሉ ቁራጭ ወረቀቶች ጣሉ። ለሚስት የመጀመሪያው እኩሌታ ወጣ፣ ለባል የኋለኛው። ለማበላለጥ እንዳይመች የእሷም እኩሌታ ሲዲ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ማሽኑ አንዱን ዲስክ ዋጠ፣ ማጓራት ጀመረ። የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለች ስትሞላ ሦስቱ ጎልማሶችና አንዱ ሽማግሌ፣ የበሽተኛ ጉሉኮስ እንደሚጠብቅ ቤተሰብ፣ አፍጠው ያዩዋታል። ተፋው። ሁለተኛውን ዋጠ።

በመጨረሻ ኮፒ ዋናውን ሊያጠፋ ሲል ፕሮግራሙ ጠየቀ፦ ከላይብረሪው ብቻ ይውጣ ወይስ ፋይሉም ይሰረዝ? ኮፒ ዞር ብሎ አያቸው። አንዱ ልብ ቢራራ፣ አንዱ አፍ «ይቆይ» ቢል በቂ ነበር።

«ፋይሉም፣» አለ ባል።

«ፋይሉም፣» አለች ሚስት።

ቆሻሻ መጣያውም ባዶ ተደረገ። ስልኳ ከእማማ ቀብር በኋላ ተሰብሮ ስለተጣለ ሌላ ቦታ የለም። ባልየው ኮፒን በዓይኑ እየገመተ፣ ይሄ ሌባ አንድ ቦታ ደብቆ አስቀርቶ ይሆናል፣ በእናቱ ይማልልኝ አለ። ጋሼ ሚዛን እጃቸውን አነሱ፤ አይምልም፣ እኔ አምኜዋለሁ፣ ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ አሉ። ኮፒ ፊቱ ቀላ። ዲስኮቹን ለየባለቤታቸው ሰጠና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ጋሼ ሚዛን ሰው እስኪረሳው ድረስ ጥቂት ሳምንታት ታገሡና ኮፒ ሱቅ ሄዱ። መጀመሪያ መታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ አስደረጉ። ቀጥለው የጡረታ ደብተራቸውን። ሱቁ በቀለም ሽታና በማሽን ሙቀት የተሞላ ነው፤ ተማሪዎች የሌላ ሰው ደብተር ይዘው ተሰልፈዋል። ሰልፉ ሲቀንስ ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ባንኮኒው ሳቡ።

«በል እንግዲህ አሰማኝ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«አታድርቀኝ። ሙሉዋን። ያስቀረሃትን።»

ኮፒ እጁን በጨርቅ ጠረገ። አላስቀረሁም አለ። ጋሼ ሚዛን ሳቁ፤ ለማንም አልናገርም፣ ዳኝነቱ አልቋል፣ አሁን የመጣሁት እንደ ወንድም ነው አሉ። ኮፒ ደገመላቸው፤ አላስቀረም። እንዳጠፋው ጠፍቷል።

«የሰው ሁሉ ስትገለብጥ ኖረህ፣» አሉ ጋሼ ሚዛን፣ «በዚች ታማኝ ሆንክ?»

«ምን ላድርግ? ሊያስምሉኝ ሲሉ እርስዎ አምኜዋለሁ አሉ። ከተወለድኩ ሳይምል ያመነኝ ሰው የለም። ደግሞ እኅቴ ደብቃ አስቀርታለች ብዬ ነበር።»

ጋሼ ሚዛን መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ያላስማሉት አምነውት አልነበረም። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ሳያሽጉት የተዉት ሚዛን በማግሥቱ ወደ ባለቤቱ ሳይንጋደድ ያደረበትን ቀን አያውቁም። ኮፒንም ሳያሽጉ የተዉት ለዚሁ ነው። ፍርዳቸው እኩል፣ ስማቸው ንጹሕ፣ የእኅታቸው ድምፅ ደግሞ በሌባ ኪስ ውስጥ በደኅና ይቀመጥልኛል ብለው ነበር። ሚስት ወንድሟ ይሰርቃል አለች፣ ባል ኮፒ ለእኅቱ ይሰርቃል አለ፣ ኮፒ እኅቴ አለ፣ ዳኛው ኮፒ አሉ። ሁሉም በሌላው አጭበርባሪነት ተማምኖ ቃሉን ጠበቀ። በዚያ ቤተሰብ ታሪክ ሁሉም ሰው እኩል ሐቀኛ የሆነበት ቀን ያ ብቻ ነው፤ ያጠፋቸውም እሱ ነው።

«የቆጡን አወርድ ብዬ...» ብለው ሳይጨርሱት ተነሱ። ኮፒ የፎቶ ኮፒውን ሒሳብ አልቀበልም አለ።

በማግሥቱ ሚስትየው ዘንድ ሄዱ። አልተገረመችም። ዲስኩን አስገባችላቸው፣ ያለችበትን አንዲት ትራክ ከፈተች፣ ራሷ ግን ወጥ ቤት ገብታ በሩን መለሰችው።

መጀመሪያ ቢላዋ በእንጨት ላይ ተሰማ። ቀጥሎ እኅታቸው፣ በአፍንጫዋ፣ ግጥሙን ግማሽ የረሳችውን የልጅነታቸውን ዘፈን። ጋሼ ሚዛን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዘፈኑ ተቋርጦ የሽንኩርቱን ኃይለኛነት ሰደበች፣ ምራቷ ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ይሄ ልጄ እኮ ለይቅርታ አፍ አልፈጠረበትም። አትጠብቂው፣ ትደክሚያለሽ። ሲጸጽተው ግን፣ ልብ ብለሽ ካየሽው፣ ጎህ ሳይቀድ ይነሳና—»

ዝም። ማሽኑ ዲስኩን ባዶውን አሽከረከረ።

«ይነሳና ምን?» አሉ ጋሼ ሚዛን ወደ ወጥ ቤቱ።

ሚስት በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ዓይኗ ሽንኩርት የላጠ ይመስላል፤ አልላጠችም።

«ቀሪውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን የእሱ ድርሻ ነው ጋሼ። ለሁለት የቆረጡት እርስዎ ነዎት።»

ሊለምኗት ፈልገው ነበር፤ ፍርዳቸው አፋቸውን ያዘው። ሲወጡ በሩ ሥር ያሉትን ጫማዎች አዩ። አቧራ ለብሰዋል። ዘፈኑ እንዳይጠፋባቸው በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ ደረጃውን ወረዱ፤ አውቶቡስ ውስጥም እንደያዙት ነበሩ፤ ረዳቱ «አባባ ምን ይላሉ?» ሲላቸው ለመመለስ ብለው ግማሹን ጣሉት።

ባልየውን ያገኙት የተጋጩ መኪናዎች የሚከማቹበት ግቢ ውስጥ ነው። ከራሱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መስታወቱን ዘግቷል። ገብተው አጠገቡ ተቀመጡና የመጡበትን ነገሩት።

«ይስሙት፣» አለ። «የእኅትዎን ጉድ ይስሙት። እኔ በየቀኑ ነው የምሰማው፣ ንዴቴ እንዳይቀዘቅዝ።»

ሲዲውን ገፋው። ከቃል መሐል ጀመረ፦ «—ጫማ ይጠርጋል። አባቱም ያው ነበር፤ ጫማ እንደጠረገ ሞተ።» ከዚያ ሳቅ፣ የሁለት ሴቶች ሳቅ፣ የአንዷ ሳል እስኪመጣ።

ባልየው መሪውን ጨበጠ። «ሊስትሮ! ከሚስቴ ጋር ቁጭ ብላ ሊስትሮ ትለኛለች። አባቴን፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራሩን፣ ሬሳው እንኳ ክራቫት ያሰረውን ሰው። ይሰሟቸዋል ሲሳሳቁ?»

ጋሼ ሚዛን ግን ሳቁን አልሰሙትም። የመጀመሪያው እኩሌታ ጆሯቸው ውስጥ ነበርና ሁለቱ ጫፎች ገጠሙ። ከድምፅ ማጫወቻው ውስጥ እኅታቸው ዘፈኑን ደግማ ስትጀምር፣ እሳቸው እጃቸውን የልጁ ክንድ ላይ አድርገው ከፊት ያለውን ነገሩት፤ ቃል በቃል፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። አፍ አልፈጠረበትም። አትጠብቂው። ሲጸጽተው፣ ጎህ ሳይቀድ ይነሳና።

ባልየው ፊቱን ወደ መኪናው የፊት መስታወት መለሰ። እዚያ ማዶ አንድ የተጨፈለቀ ታክሲ አለ።

«ማንም የሚያየኝ አይመስለኝም ነበር፣» አለ።

ጋሼ ሚዛን ክንዱን አልለቀቁም።

«ይሄን ከቀዳችው ጊዜ ጀምሮ ታውቅ ነበር ማለት ነዋ። በጠረግኩ ቁጥር።»

«ታውቅ ነበር።»

«የዚያን ቀን... ዘፈን የተካፈልን ቀን። ያላትን ሁሉ ጠርጌላት ነበር። የሰንበቱን ሳይቀር።» ዞር አለ። «አየቻቸው?»

አንዲት ትንሽ ውሸት ትበቃ ነበር። አላየችም፣ ቸኩላ ነበር፣ እኔ ረግጬ አቆሸሽኳቸው ማለት ይቻል ነበር። በዕድሜያቸው ሙሉ የተንጋደደ ሚዛን ሲያቀኑ የኖሩ ሰው ግን ለምሕረት ብሎ ማንጋደድን ማን ያስተምራቸዋል?

«አየቻቸው። ቆማ አየቻቸው።»

ባልየው ራሱን ነቀነቀ፤ ጉዳቱን እንዳገኘ ገማች። ግማሹን ብቻ ሲያውቅ ተናዶ ነበር፤ በንዴት ሰው ይኖራል። አሁን ሙሉው ደረሰው፤ ይቅርታውን አይታ፣ አውቃ እንዳለፈችው። ቁልፉን ተጫነ፣ ዲስኩ ምላሱን አወጣ፣ ዘፈኑ ተቆረጠ።

ጋሼ ሚዛን የነቁት ያን ጊዜ ነው። አላዳመጡም። አንድ ከተማ አቋርጠው የመጡት ለእኅታቸው ድምፅ ነበር፤ እሷ ስትዘፍን እሳቸው ደግሞ ቃሏን ለልጇ ሲያስረዱ አለቀ። ያ ኋለኛው እኩሌታ ውስጥ፣ ከሳቁ በታች፣ ከሳሉ በኋላ፣ ስለ አንድ ቀጫጫ ወንድም የተባለ ነገር ይኑር አይኑር አላወቁም።

«ቆይ፣» አሉ። «አንድ ጊዜ መልሰው። ለኔ።»

ዲስኩ ግን በባልየው እጆች መካከል እየጎበጠ ነበር። ዲስክ እንደ ዳቦ ለሁለት አይከፈልም። ጮኾ ተሰነጣጠቀና ወንበሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ በጋሼ ሚዛን ጉልበት ላይ ተበተነ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን በባርኔጣቸው ውስጥ መልቀም ጀመሩ። ሁለቱን ትልልቅ ቁራጮች በሁለት መዳፋቸው ላይ አኖሩ። እጃቸው፣ ልማድ ሆኖበት፣ ሳይታዘዝ፣ የትኛው እንደሚከብድ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘናቸው።

እኩል አልነበሩም።